ሠሪዋ የሌለ መኪና፦ ሳተርን ኤስኤል2ን ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ነድቼ

የምገመግማት መኪና የ2001 ሞዴል ሳተርን ኤስኤል2 ናት፤ ባለ አራት በር፣ ባለ 1.9 ሊትር ሞተር፣ 124 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ካምቢዮዋ በእጅ የሚቀየር ባለ አምስት ማርሽ። በቨርጂኒያ ግዛት ከአንድ አዛውንት እጅ የገዛኋት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ወደ ሥራ የምመላለሰው በእርሷ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአካባቢያችን የሚኖር ሐበሻ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ሲያስብ ከዘመድም ከወዳጅም የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ ቶዮታ፣ እርሱ ካልተገኘ ሆንዳ። ምክሩ ከአዲስ አበባ አብሮን የመጣ ነው፤ ሶማሌ ተራ መለዋወጫው የማይገኝለት መኪና በርካሽ ቢገዛም ውሎ አድሮ ውድ እንደሚሆን እዚያ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ችግሩ ይህንኑ ምክር አሜሪካኑም ስለሚያውቀው የምክሩ ዋጋ በመኪናው ዋጋ ላይ መጨመሩ ነው። እድሜዋና የተነዳችው ርቀት ከዚህች ሳተርን ጋር የሚቀራረብ ኮሮላ እጥፍ ገደማ ስትጠየቅባት፣ ማንም የማይሻማባትን መኪና ማየት ጀመርኩ። ለማወቅ የፈለግሁትም ነገር ቀላል ነበር፦ ስሙ በ2010 ከገበያ የጠፋ መኪና ለዕለት ተዕለት ሥራ ይታመናል ወይ?

መልሱን ለመረዳት መኪናዋ ከየት እንደመጣች ማወቅ ይጠቅማል። ሳተርን በጃንዋሪ 1985 የተቋቋመው በጄኔራል ሞተርስ ባለቤትነት፣ ነገር ግን ከጄኔራል ሞተርስ በተለየ አሠራር እንዲተዳደር ታስቦ ነው። የጃፓን ትናንሽ መኪኖች የአሜሪካንን ገበያ እየወሰዱ በነበሩበት በዚያ ወቅት የኩባንያው ሊቀ መንበር ሮጀር ስሚዝ የመረጡት መንገድ ፋብሪካውንም፣ የሠራተኛውን ውልም፣ የሽያጩን ሥርዓትም ከመሠረቱ እንደ አዲስ መጀመር ነበር። ከመኪና ሠራተኞች ማኅበር ጋር የተደረሰው ስምምነት ሠራተኞች በቡድን ሆነው በምርት ውሳኔዎች ላይ እንዲካፈሉ፣ የደመወዛቸው ከፊልም ከጥራትና ከምርት ግቦች ጋር እንዲያያዝ ያደረገ ነበር። ፋብሪካው በቴነሲ ግዛት በምትገኘው ስፕሪንግ ሂል በተባለች ትንሽ ከተማ ተተከለ፤ የመጀመሪያዋ መኪናም ሮጀር ስሚዝ ጡረታ ሊወጡ በተቃረቡበት ሰሞን፣ ጁላይ 30 ቀን 1990 ከመስመሩ ወጣች።

ሕዝቡ ሳተርንን የወደደው ግን ከመኪናዋ ይልቅ በአሻሻጡ ነው ማለት ይቻላል። ዋጋው አንድ ነበር፤ የሚከራከር፣ የሚቀንስ፣ «ለአንተ ስል» የሚል ሻጭ አልነበረም። ገዢው ቁልፉን ሲቀበል የሽያጭ ቤቱ ሠራተኞች ተሰብስበው ያጨበጭቡለትና ፎቶ ያነሱት ነበር። በ1991 ከአንድ አቅራቢ የመጣ የራዲያተር ፈሳሽ ሞተር የሚበላ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ኩባንያው መኪኖቹን ጠግኖ በመመለስ ፈንታ 1,836 መኪኖችን በአዲስ መኪና ለወጠ። በ1994 ባለቤቶች ወደ ስፕሪንግ ሂል ተጠርተው ወደ 44,000 የሚጠጉ ሰዎች መኪናቸው የተሠራችበትን ቦታ ለማየት ከየግዛቱ መጡ። ለአንዲት ርካሽ የቤት መኪና እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያደርግ ሕዝብ መኖሩ ዛሬም ይገርመኛል። በዚያው ዓመት የሳተርን ሽያጭ ከ286,000 በላይ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቁጥር ተመልሶ አያውቅም።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የደረሰኝ ነገር የለም። ጭብጨባው፣ አንድ የሆነው ዋጋ፣ ፈገግ ያለው ሻጭ ከሽያጭ ቤቶቹ ጋር አብረው ተዘግተዋል፤ እንዲያውም ከአዛውንቱ ጋር በዋጋው ላይ እንደ ደንባችን ረዘም ያለ ክርክር አድርገናል። የቀረው ብረቱና ፕላስቲኩ ነው። ስለዚህ የምመዝናት ያ ሁሉ ስም የተገነባባት መኪና፣ ስሙ ሲወርድላት ምን እንደሆነች በማየት ነው።

ከአካሏ ልጀምር። ሳተርን በዘመኗ ከሌሎች የምትለይበት ትልቁ ነገር በሮቿ፣ ፓራፋንጎዎቿና ፓራውልቶቿ ከፕላስቲክ የተሠሩ መሆናቸው ነው። ከሥር ያለው የብረት አጽም ክብደቱንና ግጭቱን ይሸከማል፤ የፕላስቲኩ ልባስ በላዩ ላይ ታስሮ ይቀመጣል። ጣሪያው፣ ኮፈኑና የኋላ ሻንጣ መክደኛው ግን ላሜራ ናቸው። በመኪና ማቆሚያ ቦታ የጎረቤት በር ሲያርፍባት ወይም የገበያ ጋሪ ሲገፋባት ፕላስቲኩ ገባ ብሎ ይመለሳል፤ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች ብትሆንም ጎኗ ላይ አንድም የተጨረመተ ቦታ የለም። ዋጋው የሚከፈለው በሌላ በኩል ነው። ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚለጠጥ ፋብሪካው በበሮቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ለመተው ተገዷል፤ መኪናዋን አጠገቧ ቆሞ ላያት በደንብ ያልተገጠመች ትመስላለች። ከዚህ የሚከፋው ግን፣ ውጭው ስለማይዝግ ውስጡም አልዛገም ብሎ መደምደም መቻሉ ነው። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የሚበላው ከሥር ያለውን አጽም፣ የፍሬን ቱቦዎቹንና ሞተሩ የተቀመጠበትን ተሸካሚ ብረት ነው፤ ይህን ደግሞ የሚያብረቀርቀው በር አይናገርም። የቨርጂኒያ ግዛት በየዓመቱ የሚያስገድደው የደህንነት ምርመራ በዚህ ረገድ ለባለቤቱ ይጠቅመዋል፤ የእኔዋ መኪና አጽም ጤናማ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለዚህ መኪና የሚወራው ዋነኛ ነገር ግን ዘይት ነው፤ ሊወራም ይገባል። የሳተርን ባለ 1.9 ሊትር ሞተር ዘይት በመብላት የታወቀ ነው። ምክንያቱ በባለሙያዎች ዘንድ ግልጽ ነው፦ የፒስተኑ የዘይት ቀለበት የሚቀመጥበት ቦይ፣ ቀለበቱ የጠረገውን ዘይት ወደ ታች የሚመልስበት በቂ ቀዳዳ የለውም። እዚያ የሚቀረው ዘይት በሙቀት እየተቃጠለ ወደ ጥላሸት ይለወጣል፤ ጥላሸቱ ቀለበቱን ያጣብቀዋል፤ የተጣበቀ ቀለበት ደግሞ ሲሊንደሩን መጥረግ ስለማይችል የሚቃጠለው ዘይት እየጨመረ ይሄዳል። ጉዳቱ የሚያመዝነው ዘይታቸው ሳይቀየር ብዙ ርቀት በሚነዱ መኪኖች ላይ ነው። የእኔዋ የቀድሞ ባለቤት የዘይት ቅያሬውን በማስታወሻ ደብተር መዝግበው ይዘው ስለነበር ግዢውን የወሰንኩት በአብዛኛው በዚያ ደብተር ነው፤ ያም ሆኖ እድሜዋ እድሜ ነውና በሁለት የዘይት ቅያሬ መካከል ከአንድ ሊትር በላይ እጨምራለሁ።

አንድ ሊትር ዘይት ውድ አይደለም። አደገኛው አለማየት ነው። ይህ ሞተር ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር ለማናበብ የሚጠቀመው ቺንጋ ሳይሆን ካቴና ነው፤ ካቴናውንና የሚወጥረውን መሣሪያ የሚያለሰልሰውም የሚወጥረውም ያው የሞተሩ ዘይት ነው። ዘይቱ ካነሰ ካቴናው ይላላል፤ ከተበጠሰም ፒስተኑ ቫልቮቹን ሊያጎብጣቸው ይችላል፤ ይህ የሆነባት መኪና ደግሞ ጥገናው ከዋጋዋ ስለሚበልጥ ወደሚፈታበት ግቢ ትሄዳለች። በየመንገዱ የቆሙት አብዛኞቹ ሳተርኖች በክፉ ሞተር ሳይሆን ማንም ሊቤሎውን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) መዝዞ ባለማየቱ የሞቱ ናቸው የሚል እምነት አለኝ። ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር አያለሁ፤ ሞተሩን ከማጥፋቴ ጋር ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። አንዳንድ ባለቤቶች ካንዴላዎቹን ፈትተው በየሲሊንደሩ ውስጥ ጥላሸት የሚያሟሟ ፈሳሽ ያሳድራሉ፤ የተጣበቀውን ቀለበት በከፊል እንደሚያላቅቅ የሚመሰክሩ አሉ። እኔ እስካሁን አላስፈለገኝም።

በአንጻሩ የተቀረውን ሥራ በራስ እጅ ለመሥራት ከዚህች የሚቀል መኪና አልገጠመኝም። ኮፈኑ ሲከፈት እጅ የሚገባበት ቦታ አለ። የፊት መብራት አምፑል ለመቀየር ፓራውልት ማውረድ አያስፈልግም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው ሳተርኖች ላይ የካምቢዮው ፊልትሮ እንደ ሞተር ዘይት ፊልትሮ ከውጭ የሚጠመዘዝ ነው፤ በዘመኑ በሌሎች መኪኖች ላይ ይህን ለመቀየር የካምቢዮውን የታችኛውን ድስት ማውረድ የግድ ነበር። ይህንን የነደፈ ሰው መኪናዋን ከሽያጭ በኋላ የሚጠግናትን ሰው አስቦለታል፤ ሳተርን ከሸጠችው ፈገግታ ሁሉ እስከ ዛሬ የቆየው ይህ አሳቢነት ነው ባይ ነኝ። የሞተሩ የላይኛው ሱፖርቶ ጎማው አልቆ መሪውና ወንበሩ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በተራ የመፍቻ ስብስብ፣ ከቤቴ ደጃፍ ቀየርኩት። የሞተር ሙቀት የሚለካው ሴንሰርም በብዙዎቹ ላይ ጫፉ ከፕላስቲክ ስለሆነ የመሰንጠቅ ልማድ አለው፤ ጫፉ ነሐስ የሆነው ተተኪ ዋጋው ጥቂት ስለሆነ የገዛ ሁሉ ሳይበላሽ በፊት ቢቀይረው ይሻላል።

መንገድ ላይ ቀላል ናት፤ ክብደቷ 1,100 ኪሎ ገደማ ስለሆነ 124ቱ የፈረስ ጉልበት ይበቃታል፤ ወደ አውራ ጎዳና ስትገባ አታሳፍርም። በሀይዌይ ላይ በአንድ ጋሎን ከ35 ማይል ያላነሰ ትሄድልኛለች። ጩኸቷ ግን ብዙ ነው። ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሠራ የሚሰማው ድምፅ ከልስላሴ የራቀ ስለሆነ፣ ከ70 ማይል በላይ ስነዳ ስልክ ማነጋገር ትቻለሁ። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ረዥም ሰው ከኋላ አይመቸውም፤ የዳሽቦርዱ ፕላስቲክም ስለ ርካሽነቱ ምንም አይደብቅም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህ ሁሉ ለሲቪክና ለኮሮላ ቅርብ ነበር፤ በ2001 ግን እነርሱ ሄደዋል፣ ሳተርን እዚያው ቆማለች።

መቆሟም የስሙ መጥፊያ ሆነ። ጄኔራል ሞተርስ ለአሥር ዓመት ያህል ለሳተርን ከዚህች መኪና ሌላ አልሰጣትም። የ2000 ሞዴል ሆኖ የመጣው ኤል የተባለው ተከታታይ ከኦፔል ቬክትራ የተወሰደ፣ ስፕሪንግ ሂል ሳይሆን ዴላዌር ግዛት ዊልሚንግተን ውስጥ የተሠራ ነበር። በ2003 ሞዴል የኤስን፣ ማለትም የእኔዋ መኪና ያለችበትን ተከታታይ፣ ቦታ የያዘው አዮን ከፕላስቲክ በሮቹ በቀር ከሌሎቹ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ጋር መሠረቱን የሚጋራ ሆነ፤ በ2014 ይፋ በሆነው የሞተር ማስነሻ ቁልፍ ማብሪያ ጉድለት ምክንያት ለጥገና ከተጠሩት መኪኖችም አንዱ እርሱ ነው። ቀድሞ የነበረው የተለየ የሠራተኛ ውልም ቀስ በቀስ ተፍቆ ከሌሎቹ ፋብሪካዎች ጋር አንድ ሆነ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመጡት አውራና ስካይ መልካም መኪኖች ነበሩ፤ አውራ የ2007 የሰሜን አሜሪካ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች። ግን ጄኔራል ሞተርስ በጁን 2009 ለኪሳራ አቤት ሲል ሳተርን ከሚሸጡት ስሞች መካከል ገባች። ነጋዴው ሮጀር ፔንስኪ ሊገዙት ተስማምተው ነበር፤ መኪኖቹን ወደፊት ሊሠራላቸው የነበረው ሬኖ እምቢ ሲል ሴፕቴምበር 30 ቀን 2009 ውሉ ፈረሰ፤ ሽያጭ ቤቶቹም በቀጣዩ ዓመት ተዘጉ። የስፕሪንግ ሂል ፋብሪካ ግን አለ፤ ዛሬ ካዲላክ ይሠራበታል።

የመለዋወጫውን ጉዳይ ወዳጆቼ ሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ ስለሆነ በግልጽ ልናገር። የፍሬን ሸራ፣ አሞርዛተር፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ሴንሰር በየመለዋወጫ መደብሩ አሉ፤ ዋጋቸውም ከኮሮላ አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜም ያንሳል። የሚያስቸግረው የአካል ክፍል ነው። ፕላስቲኩ የሚችለው ቀላል ግፊትን ነው፤ በብርድ ጊዜ ጠንከር ብሎ ከተመታ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ፓራፋንጎ እንደ ላሜራ ተቀጥቅጦ አይስተካከልም። መተኪያው የሚገኘው መኪኖች ከሚፈቱበት ግቢ ነው፤ እዚያ የሚገቡት ሳተርኖች ቁጥርም በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ለዚህች መኪና ከተጠያቂነት መድን በላይ ያለውን ሽፋን አልገዛሁም፤ የሚያስከፍለው ገንዘብ ከምታወጣው ዋጋ ጋር አይመጣጠንም።

ሳተርን መግዛት ለሚያስብ ሰው የምለው ይህ ነው። ከ1995 እስከ 2002 ያለውን የኤስ ተከታታይ፣ በተለይ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ያለውን፣ ከአጽሙ በታች በባትሪ ከታየና የዘይት ታሪኩ ከታወቀ ያለ ፍርሃት ይግዛ። አውቶማቲኩ በፊልትሮው ቢመሰገንም፣ ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባ በኃይል የሚደነግጥ ከሆነ የውስጡ የቫልቭ አካል አልቋልና ይተወው። ቩ በተባለው የሳተርን ኤስዩቪና በአዮን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞዴሎች አንዳንዶቹ ላይ የተገጠመውን ደረጃ የሌለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ (ሲቪቲ) ከሩቁ ይሽሸው፤ ከ2004 እስከ 2007 ባሉት ቩዎች ላይ የሚገኘው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ግን ከሆንዳ የተገዛ ስለሆነ ሊታይ ይችላል፤ የእርሱ ቺንጋ በጊዜው መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ሻጩን ይጠይቅ።