የእናታችንን የሕይወት ታሪክ ላዘጋጀልን ወንድማችን ምስጋና፣ ለሌሎችም ጥቆማ

በእናታችን ሙት ዓመት የታደለውን ባለ 48 ገጽ መጽሔት አይታችሁ «ማን ሠራላችሁ?» ላላችሁን ሁሉ መልሱ ይኸው። የሠራልን አራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚሠራ፣ ቀድሞ የጋዜጣ አራሚ የነበረ ወንድማችን ነው። ስሙ በአደባባይ እንዳይነሳ ስለለመነን አንጽፈውም፤ ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀ እንሰጣለን። ምስጋናው ግን በአደባባይ ይሁን፦ እጅህ ይባረክ፣ እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልልን።

በየለቅሶው የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ሃይማኖተኛ፣ ልጆቻቸውን በሥነ ሥርዓት ያሳደጉ» ይላል፤ ስሙን ቀይረው ለጎረቤት ቢያነቡት ማንም አያውቅም። እናታችን ረቡዕና ዓርብን ሳይገድፉ፣ ፍልሰታን ሱባኤ ገብተው የኖሩ፣ የማርያም ጽዋ ማኅበራቸውን ለአንድ ወር እንኳ ያላስተጓጎሉ ሴት ነበሩ። እኚሁ ሴት በ1965 መንጃ ፈቃድ አውጥተው ቮልስ የነዱ፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና ጭነት ላይ ተሳፍረው ወሎ የወረዱ፣ በ64 ዓመታቸው ገርዓልታ ላይ ገደል ውስጥ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ አቡነ የማታ፣ በባዶ እግራቸው የወጡ ናቸው። ብዙ ሰው ቢሆን አንዱን ይዞ ሌላውን ይጥል ነበር፤ ወይ ጸሎተኛዋን ወይ መንገደኛዋን። እሱ ሁለቱን አልነጣጠለም። የመጽሔቱ ምዕራፎች በዓመት ሳይሆን በመንገድ ተከፋፈሉ፦ የቁልቢ፣ የግሸን፣ የጣና፣ የኢየሩሳሌም። ትዳሩም፣ ልጅ ማሳደጉም፣ ሐዘኑም በየመንገዱ ውስጥ ገባ፤ እናታችን ያለ ስለት የወጡበት መንገድ ስላልነበረ፣ እያንዳንዱ ጉዞ ከጀርባው የታመመ ልጅ ወይም የጠፋ ወንድም ነበረው።

አሠራሩን በዝርዝር የምንጽፈው ለሚፈልግ ሰው እንዲጠቅም ነው።

መጀመሪያ የሚጠይቀው ፎቶ ሳይሆን ቀን ነው። አዛውንት ዘመዶችን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ አይጠይቅም፤ እንዲህ ሲጠየቁ ሰዎች ደስ ለማሰኘት ሲሉ የመጣላቸውን ቁጥር ይናገራሉ ይላል። ይልቁንም «ጣልያን ወጥቶ ነበር? ንጉሡ ሳይወርዱ ነው? ዘማቾቹ ሲመጡ ማንን አርግዘው ነበር? ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ?» ይላል። የልደት ቀናቸው የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ጣልያን ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው እንደተወለዱ ታላቅ እህታቸው ያስታውሳሉ፤ ክርስትና የተነሡት በግንቦት ልደታ ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ስለሆነ፣ የተወለደችበትን ቀን አንድ ብሎ ሲቆጠር ከግንቦት 1 ወደ ኋላ የካቲት 12፣ 1932 ላይ ያርፋል። «ጾም ሳይገባ ነው» የሚለው የእህታቸው ቃልም ገጠመ፤ በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው በየካቲት መጨረሻ ነበር። በመታወቂያቸው ላይ የነበረው ቀን ግን ቀበሌ የሞላላቸው መስከረም 1 ነው፤ የብዙ አዛውንት መታወቂያ እንዲህ ነውና አትመኑት።

ሁለተኛው ወጥመድ የፈረንጁ ቀን ነው። ፓስፖርት ላይ የተመታ ማኅተም፣ ከውጭ የመጣ ፎቶ ጥግ ላይ የታተመ ቁጥር፣ ሁሉም በፈረንጅ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ከፈረንጁ ዓመት 7 ይቀነሳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። የኢየሩሳሌሙ ጉዞ በቤት ውስጥ ሁልጊዜ «በ1989» ሲባል የኖረው አንድ ሰው በ8 ፈንታ 7 ስለቀነሰ ነበር። ማኅተሙ ሚያዝያ 1996 በፈረንጅ ይላል፤ በእኛ 1988 ነው፣ ፋሲካውም ሚያዝያ 6 ዋለ። በኢየሩሳሌሙ ገዳማችን በዴር ሱልጣን ጣሪያ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የተነሡት ፎቶ አሁን ትክክለኛው ዓመት ተጽፎበታል።

ፎቶዎቹን በተመለከተ፣ ወደ እሱ ከመሄዳችሁ በፊት እጃችሁን ሰብስቡ። ከ1970ዎቹ ወዲህ የመጡት በላስቲክ የሚሸፈኑ፣ ገጻቸው ሙጫ ያለው አልበሞች የፎቶ ጠላት ናቸው። ሙጫው ሲያረጅ ይቢጫልና ይደርቃል፤ በጥፍር ሲነሣ ፎቶው ይቀደዳል ወይም ጀርባው ተልጦ ይቀራል። እሱ የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ሥር አስገብቶ እንደ መጋዝ ቀስ እያለ ይስባል። እምቢ ካለ አያስገድደውም፤ ላስቲኩን ብቻ ገልጦ እንዳለ ስካን ያደርገዋል። ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀውን ደግሞ ጨርሶ አይነካውም፤ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ መብራት አድርጎ ከነመስታወቱ ፎቶ ያነሣዋል። የጥንቶቹን ትንንሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ የመታወቂያውን ጉርድ በ1200 ስካን ያደርጋል። የሁሉንም ጀርባ ስካን ያደርጋል፤ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚለው ጽሑፍና የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያለው እዚያ ነውና። እናንተ ጀርባው ላይ ስም መጻፍ ካለባችሁ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ጽሑፍ በፎቶው ፊት በኩል ያብጣል፣ ቀለሙም ይተላለፋል።

የቀዩብን የቀለም ፎቶዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ ሰማያዊው ቀለም ቀድሞ ስለሚለቅ የሰው ፊት ሁሉ በርበሬ ይመስላል። ያንን በኮምፒውተር መለሰው፤ ግን ከዚያ አላለፈም። ጭረትና ሻጋታ ያነሣል እንጂ ልብስ አይቀይርም፣ የሞተ ሰው ቆርጦ ከቤተሰብ ፎቶ ላይ አይለጥፍም፣ ሽበት አያጠቁርም። ለዚህ የሚመጡ ደንበኞችን ወደ ሌላ ቤት ይልካል። እኛ እሰይ ብለናል፤ ይህን የምትፈልጉ ግን ድካም እንዳይሆንባችሁ ቀድማችሁ እወቁት።

ዋናው ችሎታው ማጣራት ነው። አንድ የልጅ ልጅ «እማማ ደብረ ዳሞን በገመድ ወጥተዋል» ብሎ ጽፎ ነበር። ሴት ደብረ ዳሞ አትወጣም። ሲጠየቅ ነገሩ ተገለጠ፦ እናታችን ከተራራው ሥር ቆመው ጸልየዋል፣ ገመዱን የወጣው አባታችን ነው፤ እሱም ግማሽ ላይ ደርሶ መሬት መሬት ሲያይ ከሥር ሆነው ያበረቱት እሳቸው ናቸው። ይህ ከመጀመሪያው ወሬ በጣም ይበልጣል፤ የትዳራቸውን 50 ዓመት በአንድ አንቀጽ የሚናገር ሌላ ነገር በመጽሔቱ ውስጥ የለም። የጣናውም እንዲሁ። ከፎቶው ሥር «ክብራን ገብርኤል» ተብሎ ነበር፤ ክብራንም ሴት አይገባበትም። ፎቶው ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን በርና ሥዕል አይቶ፣ የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት መሆኑን ለየ፤ የሕዝቡን ብዛት አይቶም የየካቲት 16 ንግሥ ሳይሆን አይቀርም አለ፣ አብረው የሄዱት የማኅበር እህታቸው አረጋገጡ። መቅደስ አካባቢ የተነሣ ፎቶ ካለ ካህናቱ ፈቅደው እንደነበር ይጠይቃል፤ ካልተፈቀደ አያትምም።

ድምፅም ይሠራል። እናታችን ዋሽንግተን ላለችው ልጃቸው በደብዳቤ ፈንታ በካሴት ድምፃቸውን ይልኩ ነበር፤ በአንዱ ላይ ለመስከረም 21 ግሸን ሲወጡ የነበረውን ጭቃና ግፊያ ይተርካሉ። ያረጀ ካሴት ካላችሁ ቴፕ ውስጥ ከትታችሁ ወዲያው «ልስማው» አትበሉ። ክሩን የሚደግፈው ትንሽ ስፖንጅ ሙጫው ደርቆ ይወድቃል፤ ያኔ ድምፁ ይርቃል፣ ሰው ካሴቱ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ስፖንጁ ተመልሶ ሲለጠፍ ድምፁ ይመለሳል። ባለ 90 ደቂቃው ክሩ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይጠመጠማል። እሱ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥኖ፣ መልሶ፣ ከዚያ ይቀዳል። መጽሔቱ የጀርባ ሽፋን ላይ ያለው ኪውአር ኮድ ወደዚህ ድምፅ ይወስዳል። ሊንክ አንድ ቀን ይሞታል ብሎ ስለሚሰጋ ለእያንዳንዱ ልጅ በፍላሽም ይሰጣል።

ስሞችን አስቀድማችሁ ተስማሙባቸው። ቤተሰብ የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። የእሱ ደንብ ጥብቅ ነው፦ ልጆች በልደት ቅደም ተከተል፣ በሕይወት የሌሉት ከነስማቸው፣ ከሌላ ትዳር የመጡትም ያለ ልዩነት። የክርስትና ስም በመጀመሪያው ገጽ ይገባል፤ ካህናቱ በጸሎት የሚያነሡት እሱን ነው። ቤት ውስጥ የሚያውቀው ከጠፋ የንስሐ አባትን ጠይቁ።

ሽፋኑ ላይ የቅዱሳን ሥዕል እንዳይሆን መከረን። መጽሔቱ ድንኳን ውስጥ ይወድቃል፣ ይረገጣል፣ ሲውል ሲያድር ዕቃ ይጠቀለልበታል። እውነቱን ነው። ሽፋኑ ላይ እናታችን በቮልሱ መስኮት ብቅ ያሉበት ፎቶ አለ፤ አንዳንድ ዘመድ «ለሙት ዓመት አይመጥንም» ብሎ ነበር፣ እኛ ግን ከዚያ የሚመጥን አላየንም።

ስለ ኅትመት፦ ማተሚያ ቤቱ የእሱ አይደለም፣ ፋይሉን ግን አሰናድቶ ይሰጣል። በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ 46 ገጽ ይዛችሁ ብትሄዱ 2 ባዶ ይቀርባችኋል። ለውስጡ የማያብለጨልጭ ወረቀት ምረጡ፤ የሚያብለጨልጨው አምፖል ሥር ለአዛውንት ዓይን ያስቸግራል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም፤ በአራቱም ቀለም ከታተመ ወይ አረንጓዴ ወይ ቀይ ይመታል። ጽሑፋችሁን በድሮው ፓወር ግዕዝ ጽፋችሁ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ይዘባረቃል፤ በየኮምፒውተሩ በሚነበበው በዩኒኮድ ይለወጥ፣ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደውም ፊደሉ (ፎንቱ) አብሮ የተካተተበት ፒዲኤፍ ይሁን። ሙሉው ከመታተሙ በፊት አንድ የሙከራ ቅጂ ጠይቁ። የወረቀት ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር የእኛን ዋጋ መጥቀስ ማሳሳት ይሆናል፤ እሱ የራሱን ድካም ለብቻ፣ የማተሚያውን ለብቻ ጽፎ ይሰጣችኋል፣ ግማሹን ቀድሞ ይቀበላል።

ጉድለቱንም እንናገር። ዝግተኛ ነው። ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ መጽሔት አይቀበልም፤ ስለዚህ ለአርባ አትቸኩሉ፣ ለመንፈቅ ወይም ለሙት ዓመት ያዙት። ሲሠራ ስልክ አያነሣም፤ መልእክት ጻፉለት፣ ማታ ይመልሳል። ጽጌረዳ፣ ሻማና ርግብ የበዛበት ዲዛይን ከፈለጋችሁ እሱ አይሆንም። ለቀብር ዕለት የሚነበበውን አጭሩን ግን በአንድ ሌሊት ያደርሳል፦ ከ500 ቃል አያሳልፍም፣ ይህም ሲነበብ 5 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከፍትሐት በኋላ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ከዚያ በላይ አይሰማም።

ስትሄዱ ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ፎቶውን ከነአልበሙ፣ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ መንጃ ፈቃድ፣ የዕድር ደብተር፣ ካሴት ካለ ካሴት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሟችን የዕድሜ እኩያ የሆነች አንዲት ዘመድ ወይም የማኅበር እህት። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አትሂዱ፤ ማተሚያ ቤቶቹ በካላንደርና በአጀንዳ ተይዘው ቀጠሮ አይከበርም።