ከዚራ ያለችው ፋርማሲ፦ የልብና የግፊት መድኃኒት ለምትገዙ የድሬ ልጆች

ድሬ ውስጥ የግፊት ወይ የልብ መድኃኒት ምትወስዱ፣ ወይ ለእናት ለአባታችሁ እየገዛችሁ ምትልኩ ሰዎች ይቺን ፋርማሲ እወቋት ብዬ ነው ምጽፈው። ከዚራ ነው ያለችው፣ ዛፎቹ መንገዱን ያለበሱበት ጋ፣ ጠባብ ናት፣ ከውጪ ሲያዩዋት ምንም አትመስልም። ስሟን ያልጻፍኩት ፋርማሲስቷ የኔም የቤቱም ስም አይውጣ ስላለችኝ ነው፣ ሚፈልግ ሰው ኢንቦክስ ያርገኝ እነግረዋለሁ።

ለኔ አምስት ኮከብ ናት። ምክንያቱ አንድ ነው፣ ከመሸጧ በፊት ትጠይቃለች። ብዙ ቦታ ማዘዣ ትሰጣለህ፣ ብር ትከፍላለህ፣ በፌስታል ይሰጡሃል፣ በቃ። ቤታ ብሎከር ሚባሉት መድኃኒቶች ላይ ግን እንደዛ ተሽጦ መሄድ አደጋ አለው። አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ቢሶፕሮሎል፣ ካርቬዲሎል ማለቴ ነው። አድሬናሊን ልብ ላይ ሚያመጣውን ጫና ቀንሰው ልብ ረጋ ብሎ እንዲመታ ያደርጋሉ። ሌላ በሽታ ሳይኖርበት ግፊት ብቻ ላለበት ሰው በአብዛኛው ቀድመው ሚታዘዙት እንደ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት ናቸው፣ ቤታ ብሎከሮቹ ግን የልብ ድካም ላለበት፣ ደረቱን ለሚወጋው፣ የልብ ምቱ ለሚዘበራረቅ ሰው ትልቅ ነገር ናቸው።

እማዬ የልብ ድካም አለባት፣ ክትትሏ ድል ጮራ ሆስፒታል ነው። ሐኪሟ ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት አዘዘላት፣ በቀን አንዴ። ሌላ ቦታ ሄደን ስንገዛ ግን ታርትሬት ሚለውን ሰጡን፣ ልዩነቱን ስንጠይቅ "ያው ሜቶፕሮሎል ነው" ተባልን። ሲያልቅ ነው እንግዲህ ወደ ከዚራዋ የሄድነው፣ ልጅቷ ማዘዣውንም የድሮውን ካርቶንም ጎን ለጎን አርጋ አየችና "እናቴ፣ ይሄንን በቀን ስንቴ ነው ሚወስዱት?" አለቻት። "አንዴ ነዋ ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት።" ከዛ ቁጭ አርጋ አስረዳችን። ሰክሲኔቱ ቀስ እያለ ስለሚለቅ አንዴ ከተዋጠ ቀኑን ይይዛል፣ ታርትሬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ነው ሚወሰደው፣ ደግሞ ለልብ ድካም እድሜ እንደሚጨምሩ በጥናት የተረጋገጡት ሰክሲኔቱ፣ ቢሶፕሮሎልና ካርቬዲሎል ናቸው እንጂ ማንኛውም ቤታ ብሎከር አይደለም። ሐኪሙ ጋ አስደወለችን፣ እሱ እስኪያረጋግጥ አንድ ፍሬ አልሸጠችልንም። ገንዘብ በእጃችን ይዘን ቆመን እኮ ነው!

እህቴ ደሞ እማዬ መዋጥ ስለሚከብዳት ፈጭቼ በውሃ ልስጣት ወይ ብላ ጠየቀች። አይሆንም፣ ቀስ ብሎ ሚለቀው ከተፈጨ ወይ ከታኘከ ሙሉው መጠን ባንዴ ይለቀቃል አለቻት፣ መሀሉ ላይ መስመር ያለው ከሆነ ለሁለት መክፈል ግን ይቻላል። መጠኑ ትንሽ ነው ብላ እማዬ ስታጉረመርምም ለልብ ድካም በ12.5 ወይ በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ ሰውነቷ ከቻለው በየሁለት ሳምንቱ እየታየ እስከ 200 ድረስ ሐኪሙ እንደሚያሳድገው ነገረቻት። መጀመሪያ ላይ ድካም ሊጨምር ይችላል፣ እጅና እግር ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ እሱ እየለመደ ይሄዳል፣ እግሯ ካበጠ፣ ክብደቷ በጥቂት ቀን ውስጥ ከጨመረ ወይ ተኝታ ትንፋሽ ካጠራት ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዷት አለችን። እጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አርጎ የልብ ምት መቁጠርም ያስተማረችን እሷ ናት፣ 30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ነው። ቁጭ ብላ አርፋ ከ50 በታች ከሆነ፣ ወይ ካዞራት፣ ቀጣዩን ከመዋጧ በፊት ሐኪም ጋ መደወል።

ሌላ ቀን ተራ ስጠብቅ አንድ ወጣት ገባ፣ ኢንተርቪው አለብኝ እጄ ይንቀጠቀጣል ጓደኛዬ ፕሮፕራኖሎል ውሰድ ብሎኛል አለ፣ ማዘዣ የለውም። አልተቆጣችውም። "ወንድሜ፣ ሲበርድህ ወይ አቧራ ሲነሳ ደረትህን ያፍንሃል?" አለችው። ኪሱ ውስጥ ገብቶ ሰማያዊውን በአፍ ሚሳበውን አወጣ። ፕሮፕራኖሎል ልብ ላይ ብቻ ሳይሆን የሳንባ ቧንቧ ላይም ስለሚሰራ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊዘጋው ይችላል፣ ያ ሰማያዊው ራሱ ላይሰራለት ይችላል። ልጁ ደንግጦ ነው የወጣው፣ ሐኪም ጋ ሂድ ብላ በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ከጓደኛ፣ ከጎረቤት ክኒን ምትዋሱ ሰዎች በአላህ በማርያም ተዉ፣ ለሌላ ሰው ልብ የተስማማ ላንተ ሳንባ ጠላት ሊሆን ይችላል።

አክስቴ ስኳርም ግፊትም አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ አቴኖሎል ደግሞ ትወስዳለች። ስኳር ሲወርድ ሰው ሚያውቀው ልቡ ሲመታና እጁ ሲንቀጠቀጥ ነው አይደል፣ ይሄ መድኃኒት እነሱን ይሸፍናቸዋል፣ ሚቀረው ምልክት ላብ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ያልበዋል! እና ፋርማሲስቷ ያለቻት "ላብ ካላበዎት ሙቀቱ ነው ብለው አይለፉት፣ ይለኩት" ነው። ይሄን የትም ተብሎ ሰምቼ አላውቅም፣ የከተማዋን ሰው ኑሮ ምታውቅ ባለሙያ እንዲህ ናት። የአክስቴን የኩላሊት ምርመራ ውጤትም ጠየቀች፣ አቴኖሎል ሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊት ከደከመ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፣ መጠኑ መቀነስ አለበት።

የበርጫ ነገርስ? አቦ ድሬና ሐረር ላይ ይሄን ሳይጠይቁ የግፊት መድኃኒት መስጠት ምን ይባላል? እሷ ሰው ሳታሳፍር ትጠይቃለች። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ምትንም ግፊትንም ወደ ላይ ይገፋል፣ መድኃኒቱ ወደ ታች ይጎትታል፣ መሀል ላይ ሚጎዳው ልብ ነው። ልብ ሕመም ላለበት ሰው ቢተው ነው ሚሻለው ትላለች በግልጽ፣ መተው ያቃተው ደግሞ ቢያንስ ለሐኪሙ እንዳይደብቅ፣ በርጫ ስላለ ብሎ ክኒኑን እንዳይዘል፣ ምርቃና ላይ ሆኖ የተለካ ግፊትንም እንደ ትክክለኛ ቁጥር እንዳይዝ። ጉልበቴን አመመኝ ብለው ዲክሎፌናክ ለሚጠይቁትም እንዲሁ ናት፣ ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ድካም ላለበት ውሃ ያስቋጥራል፣ ፓራሲታሞል ይሻሎታል ብላ ትመልሳቸዋለች። ርካሹን ሸጣ ውዱን ተወች ማለት ነው።

ትልቁ ነገር ግን ማቋረጥን በተመለከተ ነው። ቤታ ብሎከር ተሻለኝ ተብሎ ወይ ገበያ ላይ ጠፋ ተብሎ ባንዴ አይቆምም። ልብ ለወራት አድሬናሊን ሲቀነስለት ቆይቶ ድንገት ሲለቀቅበት ግፊቱ ይዘላል፣ ደረት ይወጋል፣ የልብ ሕመም ባለበት ሰው ላይ ልብን እስከማቆም ሊደርስ ይችላል። መቆም ካለበት ሐኪም በአንድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው ሚያወርደው። ስለዚህ እሷ ሰው ሊያልቅበት ሳምንት ሲቀረው እንዲመጣ ትነግራለች፣ ከሌላት ሌሎች ፋርማሲዎች ጋ ራሷ ደውላ ትፈልጋለች። እማዬ አንድ ቀን ረስታ ሁለት ልዋጥ ስትልም በስልክ አስቁማታለች፣ ቀጣዩ ሰአት ከቀረበ የተረሳውን መዝለል ነው፣ መደረብ የለም። ረመዳን ሲመጣም ሱሁርና ፍጡር ላይ እንዴት እንደሚደረግ ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ጠይቁ ብላ ታስታውሳለች።

ሚጎድላት ነገር አለ። እኩለ ቀን ላይ እንደ ሁሉም የድሬ ሱቅ ትዘጋለች፣ እስከ 10 ሰአት ገደማ አትከፍትም፣ ከገጠር ለሚመጣ ሰው ከባድ ነው። ካርቬዲሎል አንዳንዴ ይጠፋል። ዋጋዋም ከመጋላ በኩል ካሉት ትንሽ ወደድ ይላል። ሰው ሁሉ ስለሚጠየቅ ወረፋው ይረዝማል፣ መቀመጫ ደግሞ የላትም፣ እማማዎች በር ላይ ቆመው ሲያዩ ያሳዝናሉ፣ እባክሽ እህቴ ሁለት ወንበር አስገቢ፣ መድኃኒቱ ራሱ ድንገት ሲነሱ ያዞራልኮ።

ስትሄዱ ማዘዣውን፣ የድሮውን ካርቶን ከነልጥፉ፣ ሌላም ምትወስዱት መድኃኒት ካለ ሁሉንም ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ ቬራፓሚል ወይ ዲልቲያዜም ካለበት ቀድማችሁ ንገሯት፣ ከቤታ ብሎከር ጋ ሲገናኙ ምቱን ከልክ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። የገዛችሁትን ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ወይ ፀሐይ ሚገባበት መስኮት ላይ አታስቀምጡ፣ አብዛኛው ካርቶን ላይ ከ25 ወይ ከ30 ዲግሪ በታች ይላል፣ ድሬ ደግሞ በግንቦት ቤት ውስጥም ያልፈዋል፣ ከቤቱ ቀዝቀዝ ያለውን ጥግ ፈልጉለት። በቴሌብር ትቀበላለች።