«ፈተና ላይ አይመጣም» ከሚል አሰልጣኝ ሽሹ

ገና ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ።

የኔትወርክ ሴኪዩሪቲ ሰርተፊኬት አሰልጣኞችን ታውቋቸዋላችሁ። «መቶ በመቶ ታልፋላችሁ» ብለው ያስመዘግቡና በሁለተኛው ሳምንት የፈተናውን ጥያቄ ከነመልሱ በፍላሽ ያድላሉ። ተቀበልኩ፣ ሸመደድኩ፣ አለፍኩ። ሰርተፊኬቱንም ፍሬም አስገብቼ ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቀልኩት። ይህቺን ሳስባት ነው የምበግነው።

ዛሬ ጠዋት መሥሪያ ቤታችን ኦዲተር መጣ። የዋናውን ራውተር ኮንፊግሬሽን (የቅንብር ፋይሉን) አትሞ ይዟል። እስክሪብቶውን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ «ይሄ ፓስወርድ በምን ተጠብቋል?» አለኝ። እኔ ሞኙ አለቃዬ ፊት ደረቴን ነፍቼ «ሰርቪስ ፓስወርድ ኢንክሪፕሽን አብርቻለሁ፣ ኢንክሪፕት ሆኗል» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ከፓስወርዱ ፊት ያለችውን 7 ቁጥር አከበባት፣ ቀጥሎ ያሉትን ፊደሎች ላፕቶፑ ላይ ጻፋቸውና ስክሪኑን ወደ አለቃዬ አዞረው። የልጄ ስም ከነትውልድ ዓመቷ! በሁሉም ስዊቾች (የኔትወርክ ማገናኛ ሳጥኖች) ላይ የምጠቀምበት ፓስወርድ!

ለካ ያ ያበራሁት ትእዛዝ የሚጠቀምበት የሲስኮ (የራውተሩ አምራች) ታይፕ 7 ከጀርባ ቆሞ ከሚያይ ሰው ብቻ ነው የሚሸፍነው። ቁልፉ ከታወቀ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ማንም ይፈታዋል። አምራቹ ራሱ ደካማ መሆኑን በሰነዱ ጽፎታል፤ ስለዚህ ሰርተፊኬቱን አልሰድብም። የምሰድበው የሸጠልኝን ነው።

ምክንያቱም ጠይቄ ነበር። ስለ ፓስወርድ ያለው ስላይድ ሲመጣ እጄን አውጥቼ «ሰር፣ አንዱ ጋ 5፣ ሌላው ጋ 7 የሚለው ለምንድን ነው?» አልኩት። ሰዓቱን አየና «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» ብሎ ወደ ቀጣዩ ስላይድ አለፈ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ! መልሱ እኮ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ 5 ሃሽ፣ ማለትም የአንድ አቅጣጫ ስሌት ነው፣ ወደ ኋላ አይፈታም፤ 7 ግን ይፈታል።

በምሳ ሰዓት ማሰልጠኛው ድረስ ሄድኩባቸው። እንግዳ ተቀባይዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «አልፈሃል አይደል ወንድሜ? ታዲያ ምን ጎደለብህ?» አለችኝ። አሰልጣኙም ብቅ ብሎ ሰላም እንኳ ሳይለኝ «የሚቀጥለውን ደረጃ ጀምረናል፣ ለነባር ተማሪ ቅናሽ አለው» አለ። የምለው ጠፍቶኝ ወጣሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ላቡን (የተግባር መለማመጃውን) አሳዩን በሉ። የተበላሸ ኮንፊግሬሽን ስጡንና ስህተቱን እንፈልግ በሉ፤ ካቅማሙ ውጡ። ፍላሹንም አትንኩ፣ ከተደረሰበት ሰርተፊኬቱ ሊሰረዝ ይችላል።

እኔ ዛሬ የማድረው እዚሁ ነው። የሁሉንም ስዊች ፓስወርድ ወደ ሲክሬት (ፓስወርዱን በሃሽ ወደሚያስቀምጠው ትእዛዝ) እየቀየርኩ ነው፣ ገና አራተኛው ላይ ነኝ።