ግርማ ሞገስ በስትሪሚንግ ይመጣል ወይ? የሶስት ወር ተጠቃሚ ሪቪው

እሺ፣ ሶስት ወር ሙሉ ከፍዬ ስላየሁበት አንድ የድሮ ፊልም ስትሪሚንግ ልጻፍ ብዬ ነው። ስሙን አልጠራም፣ የምወቅሰው ነገር ስላለ፣ ደሞ ከወቀስኩት ውስጥ ግማሹ የራሴ ቲቪ ጥፋት ሆኖ ስለተገኘ (እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፣ ያሳፍራል)። የተመዘገብኩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ፊልሞቹን በአይነት ወይም በዓመት ሳይሆን በአክተር የደረደረበት ክፍል አለው። አክተር ሲባል ታዋቂ ሁሉ ተሰብስቦ አይደለም፣ ገና ብቅ ሲል ሌላው ሰው ሁሉ ከስክሪኑ ላይ የሚጠፋባችሁ አይነቱ፣ ግርማ ሞገስ የሚባለውን ነገር የታደለው ብቻ። እኔ ደሞ ፊልም እያየሁ ስልክ የመነካካት ክፉ አመል አለብኝ፣ ስለዚህ መለኪያዬ ይሄው ሆነ፦ ስልኩን አጠገቤ አስቀምጣለሁ፣ ካነሳሁት አክተሩ ተሸነፈ፣ ካላነሳሁት አሸነፈ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የጀመርኩት ዳይሬክተሩ ድራየር በ1928 ስለ ፈረንሳይዋ ሰማዕት ስለ ዣን ዳርክ ከሰራው ፊልም ነው። ድምፅ አልባ ነው፣ እውነቱን ለመናገር አስር ደቂቃ አይቼ የምዘጋው መስሎኝ ነበር። ዣን ዳርክን ሆና የሰራችው ሬኔ ፋልኮኔቲ የቲያትር ሰው ነበረች፣ ድራየር ሜካፕ የሚባል ነገር ሳያስነካት ካሜራውን ፊቷ ላይ ደቅኖ ነው የቀረጻት። የምታዩት በቃ ቆዳ ነው፣ የደረቀ ከንፈር፣ እንባ ሲወርድ መንገዱ ሁሉ ይታያል። የፊልሙ ዋና ኔጋቲቭ እሳት በልቶት ለብዙ ዓመት ተቆራርጦ ሲታይ የኖረ ሲሆን በ1981 ኖርዌይ ውስጥ የአእምሮ ህሙማን ሆስፒታል እቃ ውስጥ ደህና ኮፒ ተገኘ፣ እኛም ይሄን የምናየው በዚያ እድል ነው። ሰርቪሱ ፊልሙን በጥራት ነው ያስቀመጠው፣ በሙዚቃም ያለ ሙዚቃም ማየት ይቻላል፣ እኔ ያለ ሙዚቃ ነው ያየሁት፣ እና ስልኬን አንድ ጊዜ እንኳን አላነሳሁም። ሰው ሳይናገር ሰማንያ ደቂቃ ያህል ሲይዝህ ምን ትላለህ።

ከዛ ጃፓናዊው አክተር ቶሺሮ ሚፉኔ። እዚህ ጋ ሰርቪሱን መርቄዋለሁ፣ ብዙ ፊልሞቹን አምጥተውለታል። የ1961ዱ ዮጂምቦ ሲጀምር ሰውዬውን የምናየው ከጀርባው ነው፣ ተራራ ይታያል፣ ከታች ማጅራትና ትከሻ ይገባል፣ ትከሻውን ነቅነቅ ያደርግና ራሱን ያክካል፣ በቃ። ፊቱን ገና አላየነውም እኮ! ግን የማይደፈር ሰው እንደሆነ፣ ቤት እንደሌለው፣ ቁንጫም ሳይኖርበት እንደማይቀር ሁሉን አወቅን። ብዙ ሰው ይሄ ነገር አይን ላይ ነው ያለው ሲል እሰማለሁ፣ እኔም እንደዛ ነበር የማስበው፣ ይሄን ጀርባ ካየሁ በኋላ ግን ነገሩ መላ ሰውነት ላይ እንደሆነ ነው የገባኝ። ሰውዬው በ1946 ቶሆ ስቱዲዮ የሄደው ለካሜራ ረዳትነት ስራ አመልክቶ ነው፣ እንዴት እንዴት ብሎ አዲስ አክተር ከሚፈትኑት ዘንድ ገባና ያው እዛው ቀረ። ዳይሬክተሩ ኩሮሳዋ ስለሱ የጻፈው አለ፣ ሌላው አክተር አንድን ስሜት ለማሳየት አስር ጫማ ፊልም ሲፈጅ ለሚፉኔ ሶስቱ ይበቃዋል ብሎ። የምር ስታዩት ይገባችኋል፣ ተነስቶ ሲቀመጥ እንኳን ፈጣን ነው።

አሁን ወደ ወቀሳው። የ1972ቱን ጎድፋዘር ያየ ሁሉ ያን ጨለማ ቢሮ ያስታውሳል። ካሜራማኑ ጎርደን ዊሊስ መብራቱን ከላይ ነው የሰቀለው፣ ስለዚህ የማፊያ አለቃ ሆኖ የሚሰራው የብራንዶ አይኖች ጥላ ውስጥ ይገባሉ፣ ምን እያሰበ እንደሆነ ለማየት አንገታችሁን ወደ ስክሪኑ ታሰግጋላችሁ፣ እሱም ድመቷን እያሻሸ ቀስ ብሎ ያወራል። የዚህ ሰውዬ ግርማ ሞገስ ግማሹ ያ ጥላ ነው። እና ሰርቪሱ ይሄን ጥላ ምን አደረገው መሰላችሁ? ማታ ማታ፣ ኔትወርክ ሲጨናነቅ፣ ጥቁሩ ሁሉ ካሬ ካሬ ይሆናል፣ ብራንዶ በጥቁር ድንጋይ የተገነባ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጭንቅላት ይመስላል። ቪዲዮውን ጨምቀው ጨምቀው ጨለማውን ገደሉት። ብርሃን ያለበት ሲን ላይ ችግሩ አይታወቅም፣ ግን እንደዚህ አይነት አክተሮች አብዛኛውን ስራቸውን የሚሰሩት ጨለማ ውስጥ ነው፣ ታዲያ ምን ዋጋ አለው። ፊልሙን ቀድሞ ዳውንሎድ አድርጎ ማየት ትንሽ ያሻሽለዋል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይድንም።

እዛው ፊልም ላይ ሌላም አለ። አል ፓቺኖ ሬስቶራንት ውስጥ ሁለት ሰው ሊገድል ተቀምጦ፣ ከሁለቱ አንዱ በጣልያንኛ ያወራዋል፣ ፊልሙ ሆን ብሎ ትርጉም አላስቀመጠም፣ ምክንያቱም ወሬው አይደለም ቁም ነገሩ፣ የፓቺኖ አይን ነው፣ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ የባቡር ጩኸት ከሆነ ቦታ እየጨመረ ይመጣል፣ ልጁ እየሰማ አይደለም፣ ከራሱ ጋር ነው ያለው። ስቱዲዮው ሊያባርረው ሲያስብ ከመባረር ያዳነኝ ይሄ ሲን ነው ብሎ ራሱ ፓቺኖ ተናግሯል። የኛ ሰርቪስ ግን ሰብታይትሉ አውቶማቲክ ነው መሰለኝ በዛች ሰዓት ደማቅ ቢጫ ፅሁፍ አገጩ ላይ ለጠፈበት፣ "በጣልያንኛ ይናገራል" ይላል። እናመሰግናለን፣ አላወቅንም ነበር!

ቲቪዬን በተመለከተ፣ እሺ፣ ልናዘዝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሁሉም ፊልም የሆነ ቀፋፊ መልክ ነበረው፣ ትልልቅ አክተሮች ሁሉ ሳሎን ውስጥ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረፁ የትምህርት ቤት ድራማ ሰሪዎች ነው የሚመስሉት፣ እኔም ለሰርቪሱ ሁለት ረጃጅም የቁጣ ኢሜይል ላክሁ። ለካስ ቲቪው ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፣ አዳዲስ ቲቪዎች ደሞ እንቅስቃሴ እናለስልስ ብለው በመሀል የሌለ ምስል ፈጥረው ይሰካሉ፣ ያኔ ፊት ላይ ያለው ክብደት ሁሉ ይተንና ይጠፋል። ቶም ክሩዝና ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማክኳሪ በ2018 መጨረሻ ቪዲዮ ሰርተው ሰዉን ይሄን ነገር አጥፉት ብለው የለመኑት ለዚህ ነው፣ ያኔ ሳየው ቅንጦት መስሎኝ አልፌው ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሳጠፋው በአንዴ ሁሉም ሰው ግርማው ተመለሰ። ኢሜይሎቹን ግን ይቅርታ ብዬ አልመለስኳቸውም፣ በሌላ ጥፋታቸው ተቻችለናል።

ሌላው ጥፋታቸው መቁረጥ ነው። የድሮ ፊልሞች ፍሬም ወደ ካሬ የቀረበ ነው፣ አንዳንዶቹን ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ብለው ከላይና ከታች ቆርጠዋቸዋል። የጃፓኑ ዳይሬክተር የኦዙ የ1953ቱ ቶኪዮ ስቶሪ ላይ ያየሁት ቀን አዘንኩ። ኦዙ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ መሬት ላይ ከተቀመጠ ሰው አይን አካባቢ ነው የሚተክለው፣ አክተሮቹ ደሞ ወደ ሌንሱ ሊያዩ ምንም አይቀራቸውም፣ እያንዳንዷ ጣት የምታህል ቦታ ተለክታ ነው የተቀመጠችው። እነዚህ ሰዎች የአክተሯን የሴትሱኮ ሃራን ፀጉር ቆርጠው ጣሉት። ግን እንዲህም ተቆርጣ አልቻሏትም። እናቴ ከኩሽና ወደ መኝታ ቤት እያለፈች በር ላይ ቆም አለች፣ ሃራ እየሳቀች የሆነ ነገር ትናገራለች፣ እናቴ መነፅሯን አላደረገችም፣ ሰብታይትሉን አላነበበችም፣ ማን ምን እንደሆነ አታውቅም፣ "ይቺ ልጅ ከልቧ አይደለም የምትስቀው" አለችና ሄደች። ፊልሙ ያለው በሙሉ ይሄ ነው! እኔ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ የደረስኩበትን እሷ በአንድ ፈገግታ ደረሰችበት። ሃራ በ1963 አካባቢ ትወናውን ጥላ ሄደች፣ በ2015 እስክትሞት ድረስ ከካሜራ ርቃ ኖረች።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። ሰርቪሱ ለያንዳንዱ አክተር ስክሪን ላይ የሚቆይበትን ደቂቃ ተቆጥሮ ማየት የሚያስችል ነገር ቢኖረው ደስ ይለኝ ነበር፣ ምክንያቱም ግርማ ሞገስ ከደቂቃ ጋር አይገናኝም። አንቶኒ ሆፕኪንስ በ1991 በሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምስ የፊልሙን ሩብ እንኳን አይሞላም፣ ግን በቀጣዩ ዓመት በዋና ተዋናይነት ኦስካር ወሰደ፣ እናም ስለ ፊልሙ ስታወሩ የምታወሩት ስለሱ ነው። መጀመሪያ ስናየው የእስር ክፍሉ መሀል ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው፣ እንግዳ የጠበቀ ሰው ይመስል፣ ወደ ሌንሱ ነው የሚያየው፣ አይኑን አያርገበግብም። አክተሩ ማይክል ኬን በ1987 ቢቢሲ ላይ ትወና ሲያስተምር ይሄን ነግሯል፣ ክሎዝአፕ ላይ አይን ማርገብገብ ሰውን ደካማ ያስመስላል ብሎ። እኔ መስታወት ፊት ሞክሬው አይኔ አነባ፣ ግርማ ሞገስ ምንም አልመጣም። ኦርሰን ዌልስማ በ1949ኙ ዘ ሰርድ ማን ላይ አንድ ሰዓት ያህል ሌላው ሰው ስለሱ እያወራ እሱ የለም፣ ከዛ ድመት ጫማው ስር ትቀመጣለች፣ መስኮት ላይ መብራት ይበራል፣ ፊቱ ላይ ያርፋል፣ ትንሽ ፈገግ ይላል። አለቀ፣ ፊልሙን ወሰደው።

አንዳንዱ ይሄ ሁሉ የኤዲተሩ ስራ ነው ይላል፣ የሩሲያውን ዳይሬክተር የኩሌሾቭን ሙከራ ያመጣል፣ የአንድ ሰው አንድ አይነት ፊት ከሾርባ ጋር ሲገጣጠም የራበው፣ ከሬሳ ሳጥን ጋር ሲገጣጠም ያዘነ መሰለ የሚለውን። ግሬታ ጋርቦም በ1933ቱ ኩዊን ክሪስቲና የመጨረሻዋ ሾት ላይ መርከብ ጫፍ ቆማ ዳይሬክተሩ ማሙሊያን ምንም ነገር አታስቢ ነው ያላት። እሺ ይሁን። ግን እኔን ከዛች መርከብ ጫፍ ላይ አቁማችሁ ምንም አታስብ ብትሉኝ ሰው የሚያየው ምንም የማያስብ ሰው ነው።

ኦዲዮው ላይ ደሞ ተጠንቀቁ፣ ሳትነግሩት ድምፁን ወደ ዳብ የተደረገው ይወስድባችኋል። ሲድኒ ፖይቲየር ባሃማስ ያደገ ሰው ነው፣ መጀመሪያ ቲያትር ቤት በአነጋገሩ የተነሳ አባረውት ሬድዮ ገዝቶ የዜና አንባቢዎቹን እየደገመ ነው ያን ድምፅ የሰራው፣ ከዛ በ1964 በዋና ተዋናይነት ኦስካር የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። እንግዲህ ያን የተለፋበት ድምፅ አንስተው የሆነ ልጅ ስቱዲዮ ተቀምጦ ያነበበውን ሲሰጡኝ ስልኬን አነሳሁ። በርግጥ ወዲያው ገባኝና ኦዲዮውን ቀየርኩ፣ እና የ1967ቱ ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት ላይ ሀብታሙ ሰውዬ በጥፊ ሲለው ሳያስብ መልሶ ያቀመሰው ጋ ስደርስ ብድግ አልኩ።

ዴንዘል ዋሽንግተንን ሳልጠቅስ ብዘጋ ራሴን አልምርም። ግሎሪ፣ 1989፣ የግርፋቱ ሲን። ሸሚዙን ሲያወልቁለት ጀርባው ላይ የድሮ ጠባሳ አለ፣ ስለዚህ ከዚህ በፊትም ያውቀዋል ማለት ነው፣ ይገርፉታል፣ እሱ አዛዡን ፍጥጥ ብሎ ያያል፣ አይጮህም፣ ፊቱ አይጨማደድም፣ አንዲት እንባ ብቻ በአንድ ጉንጩ ትወርዳለች። ያን እንባ ያየ ሰው የተሸነፈው ገራፊው እንደሆነ ይገባዋል። በዚህ ፊልም በ1990 የረዳት ተዋናይ ኦስካር ተሰጠው። ሰርቪሱ ላይ ይሄ ፊልም ቀን ብርሃን ስለሆነ ጥራቱ ምርጥ ነው፣ ሶስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ አይቼዋለሁ።

ስብስቡ ራሱ ፍትሃዊ አይደለም በነገራችን ላይ። የአሜሪካ ወንድ ይበዛል፣ ሴቶቹ ጥቂት ናቸው፣ የሆንግ ኮንጎቹ ቶኒ ሊዩንግና ማጊ ቹንግ ስማቸው ተለጥፎ ፊልማቸው "በአካባቢዎ አይገኝም" ይላል፣ ታዲያ ፎቶውን ለምን ለጠፋችሁት? ሁለት ሶስት ሰው ደሞ መልከ መልካም ስለሆኑ ብቻ የገቡ አሉ። ቁንጅና ሌላ ነገር ነው፣ ቆንጆውን አይተህ ታደንቅና ስልክህን ታነሳለህ።

መመዝገብ የምትፈልጉ፣ ነፃው ሳምንት ላይ ቀን ሳይሆን ማታ ሁሉም ሰው ኢንተርኔት ላይ ባለበት ሰዓት ጨለማ ሲን ከፍታችሁ ሞክሩት፣ ከዛ በፊት የቲቪያችሁን ሴቲንግ እዩ፣ ኦዲዮውን ኦሪጅናል ላይ አድርጉ፣ የሚቀጥለውን ፊልም በራሱ ቶሎ ብሎ የሚጀምረውንም አጥፉት፣ የመጨረሻዋ ሾት ላይ እየገባ ፊት ያሳንሳል። ከአምስት ሶስት ኮከብ። እኔ ለአራተኛው ወር ከፍያለሁ፣ የሚፉኔ አራት ፊልም ይቀረኛል።