አንድ ስፖርት ዓመቱን ሙሉ ወይስ በየወቅቱ የተለያየ? የትምህርት ቤት አትሌቲክ ትሬነር ሥራ ሲነጻጸር

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ጉዳት የሚከላከለውና የሚከታተለው አትሌቲክ ትሬነር የተባለ የጤና ባለሙያ ነው፤ የቡድን አሠልጣኝ አይደለም።

እንደ ወቅቱ እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስና ሩጫ የሚቀያይር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እንደ ወለምታ ባለ ድንገተኛ ጉዳት ነው። መቼና እንዴት እንደተጎዳ ስለሚታወቅ ክትትሉ ቀላል ነው።

ዓመቱን ሙሉ ቤዝቦል ብቻ የሚወረውረው ልጅ ሕመም ግን ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። በክርኑ ውስጠኛ በኩል አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል በየውርወራው እየተሳበ ይቆጣል። በረዶ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ መንስኤውን አይነካም፤ ውርወራ ማቆም፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ መመለስ ያስፈልጋል። ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፦ ትሬነሩ በትምህርት ቤት ያሳረፈው ልጅ ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ውጭ ላለ ክለቡ ይወረውራል። ለወጣት የቤዝቦል ወርዋሪዎች የወጣው የፒች ስማርት መመሪያ ለ15 እና 16 ዓመት ልጆች በቀን እስከ 95 ውርወራ ይፈቅዳል፤ 76 ከደረሰ 4 ቀን ዕረፍት ይጠይቃል። የሁለቱ ቡድኖች ቆጠራ በአንድ መዝገብ ካልተደመረ ገደቡ ልጁን አያድነውም።

እስከ ጉርምስና ማብቂያ ስፖርትን በየወቅቱ መቀያየር በግልጽ ይሻላል። አንዱን ስፖርት ለመረጠ ደግሞ የአሜሪካ አትሌቲክ ትሬነሮች ማኅበር የ2019 ምክር ይያዝ፦ በዓመት ከ8 ወር በታች፣ በሳምንት ከዕድሜው ቁጥር ያልበለጠ ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 2 የዕረፍት ቀን።