ለጋሼ ምስጋና፣ መንጋጋቸውን ለሚያማቸው ደግሞ ጥቆማ

የጥርስ ሐኪም ሲመሰገን ታያላችሁ፤ ላብራቶሪ ውስጥ እጁ በጂፕሰም ነጥቶ የሚውለውን ሰው ግን ማንም አያውቀውም። ይህ ምስጋና ከእኛ ከጥርስ ሐኪሞች ለአንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ስማቸውን እዚህ አንለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

የሚታወቁት በሌሊት ስፕሊንት ነው፤ ተኝቶ ጥርሱን ለሚያፋጭ፣ ጠዋት ጉንጩና ጆሮ ግንዱ ዝሎ ለሚነሳ ሰው የሚሠራ ጠንካራ የአክሪሊክ ሽፋን።

የመንጋጋ መጋጠሚያ ያለው ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ነው፤ ጣታችሁን እዚያ አድርጋችሁ አፋችሁን ብትከፍቱ ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። በአጥንቶቹ መሃል ትራስ የመሰለ ዲስክ አለ። ዲስኩ ወደ ፊት ሲሸሽ አፍ በተከፈተ ቁጥር «ቀጭ» ይላል። ሕመም ከሌለው ቀጭታው ብቻውን ሕክምና አይፈልግም። ስፕሊንት ዲስክ ወደ ቦታው ይመልሳል የሚላችሁ ካለ አትመኑት፤ ሥራው ጥርስ እንዳይፋቅ መጠበቅና ለብዙ ሰው ሕመሙን ማስታገስ ነው።

ጋሼ የሚለዩት በመመለስ ነው። ሳይሸፈን ሰዓታት የቆየ የአልጂኔት ልኬት (የጥርስ ቅርጽ የሚወሰድበት ለስላሳ ነገር) ከደረሳቸው «ድገሙት» ብለው ይልኩታል። አልጂኔት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚያ ላይ የተሠራ ስፕሊንት አፍ ውስጥ ይወዛወዛል ወይም ጭራሽ አይገባም። የላይና የታች ጥርስ አቀማመጥ የሚለካበት የንክሻ ሰምም እንዲሁ ነው፦ የኋላ ጥርሶች 2 ሚሊሜትር ያህል ተራርቀው መወሰድ አለበት። ጥርስ ገጥሞ ከተወሰደና ክፍተቱ አርቲኩሌተር (የመንጋጋን እንቅስቃሴ የሚያስመስል መሣሪያ) ላይ በግምት ከተከፈተ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ የኋለኛው መንጋጋ ጥርስ ቀድሞ ይነካል። ከዚያ ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት ሲፍቅ ይውላል፣ ታካሚውም አፉን ከፍቶ ይሰቃያል። (ይህን ስንት ጊዜ እንደነገሩን ባንቆጥር ይሻላል።)

ሲጨርሱ ጥርስ የነካበትን ቦታ በቀለም የሚያሳየውን ሰማያዊ ወረቀት በመሃል አስገብተው የጥርሱን የጂፕሰም ሞዴል ታክ ታክ ያደርጉታል። ነጥቦቹ ግራና ቀኝ እኩል እስኪወጡ ይፍቃሉ። ከዚያ በቀዩ ወረቀት መንጋጋውን ወደ ጎን ያንሸራትታሉ፤ መስመር መሥራት ያለበት ክራንቻው ብቻ ነው። ከፊት ጥርስ ውጪ የማይሸፍን ስፕሊንት ለረጅም ጊዜ ሌሊት ሌሊት እንዲደረግ ከታዘዘ ደግሞ አይሠሩም፤ ያልተሸፈኑት የኋላ ጥርሶች ቀስ በቀስ ያድጉና ንክሻው ይበላሻል። በፈላ ውሃ ለስልሶ የሚነከሰው ርካሹ ዓይነት ለጊዜው ይሆናል፤ ግን ተፍቆ በደንብ አይስተካከልም፣ አንዳንዱም ሰው ይበልጥ ይነክስበታል።

ከተረከባችሁ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ተመለሱ፤ ንክሻው ስለሚለወጥ ዳግም መስተካከል አለበት። ቀን ቀን ከንፈር ገጥሞ ጥርስ ይራራቅ፣ ምላስ ከላንቃ ይረፍ። ለብ ያለ እርጥብ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጉንጭ ላይ ማድረግ ይረዳል። ጫት፣ ማስቲካና ቆሎ እያላመጡ ስፕሊንት አልሠራም ማለት ግን ጋሼን መበደል ነው።

አፋችሁ በድንገት ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት ካለ፣ ወይም እብጠትና ትኩሳት ካለ፣ ከስፕሊንት በፊት ሐኪም ይያችሁ። ስትራመዱ የሚነሳና ደረት ከመጨምደድ ጋር የሚመጣ የመንጋጋ ሕመም የልብ ሊሆን ይችላልና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ስፕሊንቱን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ቦርሹት፤ ሙቅ ውሃ ያጣምመዋል። ከተሰነጠቀ በሱፐር ግሉ አትለጥፉት፣ ስባሪውን ይዛችሁ ኑ። ጋሼ መጀመሪያ የሚያዩት የተሰበረበትን ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ የሚነካው እዚያው ጋ ነው።