ለደሴ ክረምት የትኛው ትሬነር? ባለ ማግኔቱ ሲመዘን

ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ አስፋልቱ ከዝናብ፣ የጦሳ ተራራ ከጉም አይላቀቁም። ከመስከረም በኋላ ለሚመጣው ውድድር እግር የሚሠራው ግን በእነዚሁ ሁለት ወራት ነው። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ብስክሌቱን ቤት ውስጥ ቆሞ የሚያስነዳ ትሬነር መግዛት ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ያዋጣል፤ መገዛት ያለበት ግን ጫናውን በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ውዱ ስማርት ትሬነር ሳይሆን የኋላ ጎማ ላይ የሚገጠመው ተራው ባለ ማግኔት ነው። አብዛኞቹ ስማርቶች መብራት ሲሄድ ጫናቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል፤ የቤት ውስጥ ግልቢያ መተግበሪያው ዝዊፍትም ያለ ኢንተርኔት አይነሣም። ባለ ማግኔቱ የሚሰካ ሽቦ የለውም። መብራት ጠፍቶም ልምምዱ ይቀጥላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የኋላ ጎማው አንዲት ቀጭን ሮለር ያዞራል፤ ከሮለሯ ጋር የተያያዘው ዲስክ በማግኔቶች አጠገብ ሲሽከረከር ማግኔቶቹ ወደ ኋላ ይጎትቱታል። መሪው ላይ የምትታሰረው ማንሻ ማግኔቶቹን ታቀራርባለች ወይም ታርቃለች፤ ጫናው የሚከብደውና የሚቀለው በዚህ ነው። ዲስኩ ሲሞቅ ጉተታው ይላላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከኋለኞቹ ይከብዳሉ፤ ሳያሟሙቁ የተለካ ፍጥነትም ከሌላ ቀን ጋር አይወዳደርም። በዘይት የሚሠራው ዓይነት ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ጫናው በራሱ ስለሚያድግ ለመንገድ ስሜት ይቀርባል፣ ድምፁም ዝቅ ይላል። ነገር ግን ማኅተሙ ካረጀ ዘይቱ ያፈሳል፤ ያንን ማኅተም ደግሞ ወሎ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ፈተና ነው።

“ትሬነሩ አይረባም” የሚሉ ብዙዎች ያበላሹት አገጣጠሙን ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣውን የኋላ ጎማ የብረት ማጥበቂያ ዘንግ አትጣሉት። በብስክሌቱ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ዘንግ ጫፉ እሱን ከሚይዘው የትሬነሩ ጽዋ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ብስክሌቱ ወደ ጎን የሚወልቀው ያኔ ነው። የዲስክ ፍሬን ያለውና 12 ሚሊ ሜትር ወፍራም አክስል የሚጠቀም ብስክሌት ያለው ሰው ደግሞ ለብቻው አዳፕተር መግዛት አለበት።

ቀጥሎ የጎማው ንፋስ ነው። ባለ 23 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ95 እስከ 100 ፒኤስአይ ይነፋል፤ ቀጭን ጎማ ቶሎ ስለሚጎድል ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ይፈተሻል። ቀጭኑን ፕሬስታ ቫልቭ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር በቀጥታ አይነፋውም፤ ትንሿን የነሐስ አዳፕተር ኪስ ውስጥ መያዝ ነው። ጎማው ከተነፋ በኋላ ሮለሯን እስክትነካው ማስጠጋት፣ ከዚያ የሮለሯን ማጥበቂያ ከ2 እስከ 3 ዙር መጨመር። ልክነቱን በእጅ ማወቅ ይቻላል፦ ሮለሯን አንቆ ይዞ ጎማውን በድንገት መሳብ ነው። ጎማው ከተንሸራተተ ላልቷል፤ ሲረገጥ ይጮኻል፣ ወለሉ ላይም ጥቁር የጎማ ብናኝ ያራግፋል። ሮለሯ በጣም ከተጫነችው ደግሞ ጎማው ይግላል፣ መሐሉ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ካላማዳሪውም ይጎዳል። ንፋሱም ጥብቀቱም ልክ ሆኖ ከተንሸራተተ ጥፋተኛው ከካቴናው የተረጨ ዘይት ነው፤ ጎማውንም ሮለሯንም አልኮል በነካ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ጥርስ ያለው የማውንቴን ጎማ ለዚህ ዕቃ አይሆንም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ጎረቤትም ያስነሣል። ያረጀ ለስላሳ ጎማ ለትሬነር ለይቶ ማስቀመጥ የተሻለ ነው። አዲሱን የውድድር ጎማ እዚህ መጨረስ ብክነት ነው።

ትሬነሩ የኋላውን ጎማ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያነሣዋል፤ ፊተኛው ካልተስተካከለ ክብደት ሁሉ እጅ ላይ ይወድቃል። ብሎኬት ከመደርደር ቦይ የተቆፈረለት ጣውላ ይሻላል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ከሆኑ በኋላ ፊት ላይ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ከፍ ማድረግ 1 በመቶ ያህል ዳገት ነው፤ በሁለቱ አክስሎች መካከል 1 ሜትር ገደማ ስላለ ስሌቱ ቀላል ነው። ይህ አቀማመጥን ያለማምዳል እንጂ ጫና አይጨምርም። ፊተኛው ጎማ ስለማይዞር የፍጥነት መለኪያው ሴንሰር ወደ ኋላ ጎማ መዛወሩ አይረሳ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው መንገድ ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ያወጣል። የዚህን መንገድ ዳገት ሐረጎን መቀመጫ ላይ ሆኖ ለመጨረስ የሚያስፈልገው የተረጋጋ ረጅም ጉልበት ነው፤ ባለ ማግኔቱ በደንብ የሚያሠለጥነውም እሱን ነው። ከ15 ደቂቃ ማሟሟቅ በኋላ 50 በ19 ማርሽ (የፊት ጥርስ 50፣ የኋላ 19) ላይ በደቂቃ 60 ዙር እየረገጡ 8 ደቂቃ፤ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። 4 ደቂቃ አርፎ 4 ጊዜ መድገም ነው። ጫናው የሚመረጠው ቃል መናገር እየተቻለ ወግ መያዝ እስከሚያቅት ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ዙሩን ወደ 70 ያሳድግ፣ ማርሹን ያቅልል። በሌላ ቀን 34 በ15 ላይ በደቂቃ 90 ዙር ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ፤ ይህ ወደ 26 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይመጣል። በሳምንት ሁለት እንዲህ ያለ ከባድ ቀን ይበቃል። ዋት መለኪያ ባይኖርም ንፋሱ፣ ጥብቀቱና የማንሻዋ ቁጥር ካልተለወጠ ያው ፍጥነት በዝቅተኛ የልብ ምት ሲመጣ እድገት አለ ማለት ነው።

ፍልሰታ እዚሁ መሐል ይገባል። የሚጾም ሰው ከባዱን ቀን ምሽት ላይ ያድርገው፤ ከልምምዱ ሁለት ሰዓት በፊት በስኳር የተበጠበጠ በሶ ጥሩ ስንቅ ነው። በረመዳን ወቅት የሚለማመድም ከኢፍጣር በኋላ ያለውን ሰዓት ይምረጥ፤ ውኃ ሳይጠጡ ትሬነር ላይ መውጣት አይመከርም። ቤት ውስጥ ንፋስ ስለሌለ ላብ አይደርቅም፤ ለሰዓት ቢያንስ አንድ ሙሉ ኮዳ ይያዝ። ቬንትሌተሩ መብራት ስለሚፈልግ መብራት ሲጠፋ ወደ በረንዳ መውጣት ነው። ላቡ መሪው ሥር ያሉትን ብሎኖች በጨው ይበላቸዋል፤ ፎጣ ይነጠፍ፣ ሲያበቃም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ሰው ከሥሩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ካላደረገ የታችኛው ቤት ሰው ጣሪያው የሚያጓራ ይመስለዋል። እንደዚያም ሆኖ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አይነዳም።

ድክመቱ አይደበቅም። ሮለሯ ቀላል ስለሆነች እግር ባረፈ ቅጽበት ጎማው ይቆማል፤ እንደ መንገድ መንሳፈፍ የለም። ቆሞ ግራ ቀኝ እየተወዛወዙ መርገጥ የብስክሌቱን የኋላ ጫፍ ያስጨንቃል፤ በተለይ ካርቦን ከሆነ አይሞከር። የቡድን ግልቢያም ሆነ ቁልቁለት አያስተምርም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በእርጥብ አስፋልት፣ ከሲኖትራክ ኋላ፣ በጉም ውስጥ ፍሬን እየመጠኑ መታጠፍ መንገዱ ላይ ብቻ የሚለመድ ነው። ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ዝናቡ ባረፈባቸው ጧቶች ወደ ሐርቡ መውረድና መመለስ ስለሚችል የትሬነር ፍላጎቱ ከደሴው ያነሰ ነው። ውድድሩ አጭርና ፈጣን የሆነበት ሰው ደግሞ ጫናው ጣሪያ እንዳለው ይወቅ፤ ለ30 ሰከንድ ሙሉ ጉልበት ባለ ዘይቱ ይበልጣል።

ከውጭ በሰው የሚያስመጣ፣ ዕቃው ከ8 እስከ 10 ኪሎ ስለሚመዝን ከአንድ 23 ኪሎ ሻንጣ ሲሦ በላይ እንደሚወስድ አስቀድሞ ይነጋገር። ያገለገለ የሚገዛ ሮለሯን በጣቱ ያዙራት፦ ካንገራገረች ኩሽኔታው አልቋል። ይህ ብቻውን ግዢውን አያስቀርም፤ ቁጥሩ ኩሽኔታው ጎን ላይ ስለተቀረጸ ብዙ ጊዜ የሞተርና የባጃጅ መለዋወጫ ከሚሸጥበት ይገኛል። ሮለሯ ወደ ጎን የምትወዛወዝ ከሆነች፣ ማንሻዋ ስትንቀሳቀስ ጫናው የማይለወጥ ከሆነ ወይም የብረት ዘንጉ ከጠፋ ግን ዋጋ ይቀነስ፤ ሦስቱም ካሉ ባለቤቱ ያስቀምጠው።